ሲታጠፍ የሚጮኸውን ሚኒባስ «ጤነኛ ነው» ላሉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በጣቢያው ግቢ መካከል ላስተከሏቸው ጽጌረዳዎች ጤና ያለኝን መልካም ምኞት እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። እኔ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤትዎ ሚኒባሱን መርምሮ «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌም ይህን ጤንነት መልሰው እንዲወስዱልኝ ለመለመን ነው። ሰው ሁሉ «አሳልፉልኝ» እያለ በሚለማመጥበት በር ላይ «ጣሉብኝ» የሚል መምጣቱ ግር እንደሚልዎ ስለምገምት፣ ነገሩን በተራ ላስረዳ።

አንደኛ፤ ሚኒባሱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም ይላል። ሲታጠፍ ግን ከፊት በግራ ጎማው በኩል መጀመሪያ «ሲጥ»፣ ቀጥሎ «ቋ» ይላል። ሕፃናቱ ለምደውት በየመታጠፊያው አብረውት ይዘፍናሉ። የሚኒባሱ ባለቤት ድምፁን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ጥፋቱን ያገኙት በግራ በኩል በምትቀመጠው ሞግዚት ክብደት ላይ ነበር። ሞግዚቷ ወደ ቀኝ ተዛወረች። ድምፁ አልቀረም፤ የቀረው ለባለቤቱ ትሰጥ የነበረው ሰላምታ ነው።

ሁለተኛ፤ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲወዘውዘው፣ ጎማውን ከእግሩ ጋር የሚያጋጥመው ቴስታ አልቆ እንደ ወላቃ ጥርስ ይነቃነቃል። ካልተቀየረ አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ ወልቆ ጎማው እንደሚተኛ፣ ከተቀየረ ግን የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነ ነገረኝ። ባለቤቱ ዘንድ ብሄድ የእርስዎን ወረቀት አውጥተው «ጤነኛ አይታከምም» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ባለቤቱ ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀቱን ግን አልለቀቁም።

ክቡር ሆይ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ በታች ያለው ቁልቁለት የሚታጠፈው ገደል አፋፍ ላይ ነው። እዚያ ስደርስ ልጆቹ «ሲጥ፣ ቋ» እያሉ ሲስቁ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። እፈራለሁ፤ ይህችን አንዲት ነገር ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምነግርዎ። ሥራዬን ብለቅ ደግሞ በምትኬ የሚቀጠረው ሾፌር ድምፁን የልጆቹ ዘፈን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሦስተኛ፤ የመሥሪያ ቤትዎን አመራመር በተመለከተ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጣቢያዎ መኪና በአንዱ በር ገብቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ በሌላው በር ይወጣል። አንድ የጭነት መኪና ሲዞር ጽጌረዳዎን ከደፈጠጠ ወዲህ «በግቢው ውስጥ መታጠፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። መርማሪዎም የቆመውን ሚኒባስ ተንበርክኮ አዳመጠና «ድምፅ የለውም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ የቆመ መኪና ምን ብሎ ይጮኻል? በክሪክ አንስቶ እንዲወዘውዘው ብለምነው፣ ክሪኩ የዘመመውን የጥበቃ ቤት ደግፎ ስለያዘ ሊነሳ እንደማይችል በትሕትና ገለጸልኝ። እንግዲያው ከበር ውጭ እስካለችው የመጀመሪያዋ መታጠፊያ አብረን እንሂድ ስለው፣ ከአጥር ወዲያ ያለው የመንገዶች መሥሪያ ቤት ግዛት ነው አለኝ። እዚያም ሄድኩ። እነሱ ደግሞ ድምፁ የመኪናው እንጂ የመንገዱ አይደለም ብለው ወደ እርስዎ መለሱኝ። እርስዎ ጋ ለመግባት ሦስት ጊዜ ደጅ ብጠናም ጸሐፊዎ ኃላፊው ጽጌረዳ እያጠጡ ነው ከማለት በቀር ጆሮ ዳባ ልበስ ብላኛለች።

አራተኛውን ትቼዋለሁ፤ ጽጌረዳዎቹን የሚመለከት ስለነበር ቅር እንዳይልዎ።

ይህን ሁሉ ካሰላሰልኩ በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር መከራከር ድፍረት መሆኑ ገብቶኛል። እርስዎ ያረጋገጡት ሚኒባሱ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደሚችል ነው፤ እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ አልታጠፍም። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ያለ መታጠፊያ የሚወጣው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚያልቀውም በጣቢያዎ በር ላይ ነው። ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን ራሳቸው ሊያደርሱ ተስማምተዋል። ከምሳ በኋላ ግን ሕፃናቱን እንደ ልማዴ ጭኜ፣ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ቀጥ ብዬ መጥቼ፣ ለእርስዎ አስረክቤ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቼ ቀጥ ብዬ እመለሳለሁ። ወላጆቻቸው ከሥራ ሲወጡ ከቢሮዎ ይወስዷቸዋል። ሞግዚቷም አብራ ትመጣለች፤ ወንበር ሲሰጧት ግን ስለ ክብደቷ ምንም ባይናገሩ ይመረጣል።

ለቅንነትዎ፣ ለትዕግሥትዎና በጽናት ላለመታጠፍዎ ያለኝን የከበረ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ውሳኔዎን በመሪው ላይ ሁለት እጁን አሳርፎ የሚጠብቀው

ታዛዥዎ፣ ጤነኛ የተባለው ሚኒባስ ሾፌር

ማሳሰቢያ፦ ሕፃናቱ ከምሳ በኋላ የሚተኙ ናቸውና በቢሮዎ ጸጥታ እንዲከበርላቸው በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያለቅሳሉ፤ እሱ እንኳ አያሳስበኝም፣ መሥሪያ ቤትዎ ድምፅ ባለመስማት የታወቀ ነው።