ክቡርነትዎ ለብሰውት ስለሚተኙት ቀይ ከፋይ

ጥቅምት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.
ጥድ አምባ

ለክቡር ቀኛዝማች መልአኩ አለሙ
የጥድ አምባ ምክትል ወረዳ ገዥ

ጉዳዩ፦ ያማረ መኝታ ቤትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ይልቁንም እንደምን አደሩ? ሁለተኛውን ጥያቄ የምጨምረው ለወግ ያህል አይደለም፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ራሱ አዳርዎ ስለሆነ ነው። እግዚአብሔር ለክቡርነትዎና ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ንግሥት ጤናውን፣ ዕድሜውንና ጥልቅ እንቅልፉን አብዝቶ እንዲሰጥልኝ እመኛለሁ። እኛ በጥድ አምባ የምንኖር ሰዎች፣ ከሞቱት በስተቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

እኔ ይሁኔ ገብረ ኢየሱስ የከተማችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተርና የአጥቢያችን ሰንበቴ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ክቡርነትዎ በሰው ፊት «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጠብ ተምሮ የመጣው» እያሉ ስለሚያነሡኝ ማንነቴን አብዝቶ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም ጎልምሼ ስለሆነ የተማርሁትን ለመርሳት ገና ጊዜ አላገኘሁም። ከተማርኋቸው ነገሮች አንዱ አቤቱታ በቁጥር ተከፋፍሎ ሲቀርብ ለአንባቢ እንደሚቀል ነው።

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ የከተማውን ሹማምንትና መምህራን ጠርተው አዲሱን መኝታ ቤትዎን ባስጎበኙን ዕለት፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ከገቡት አንዱ ነበርሁ። «ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገዛ ውሎ የሚያርፍበት ክፍል ዓይንን የማያደክም፣ ጆሮን የማይረብሽ፣ ገላን የሚያባብል መሆን አለበት» ብለው ያስተማሩንን በቃሌ ይዤዋለሁ። አቤቱታዬንም ክቡርነትዎ ባስቀመጡት ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዓይንን ስለማያደክመው ግድግዳ። ኖራው ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተቀብቷል፤ ጣሪያው በአቡጀዲ ተወጥሯል፤ የፋኖሱ ብርጭቆም ቢጫ ወረቀት ተጠቅልሎበት ብርሃኑ ለስለስ ብሏል። ይህ ኖራ ለትምህርት ቤታችን አራት ክፍሎች ተልኮ በአህያ ከመጣ በኋላ፣ ዝናም እንዳይመታው ለአንድ ሌሊት ግቢዎ ይደር ተብሎ የገባው ኖራ ነው። ያ ሌሊት እስከ ዛሬ አልነጋም። ልጆቹ ጥቁሩን ሰሌዳ ከጥቁሩ ግድግዳ ለመለየት ቢቸግራቸውም፣ የክቡርነትዎን የቀለም ምርጫ የነቀፈ አንድም ተማሪ አልሰማሁም። ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ጆሮን ስለማይረብሸው ጸጥታ። በሰኔ ወር በግቢዎ አጋፋሪ በጓዴ አማካይነት በገበያ መካከል ያስለፈፉት ትእዛዝ ሦስት ነገር ይዟል፤ ውሻ ሁሉ ይታሰር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት እህል የሚወቅጥ አይኑር፤ ለቅሶም ቢሆን በመስኮትዎ ሥር በሚያልፈው በላይኛው መንገድ አይለፍ። ውሾቹ ታሰሩ። ጎረቤቴ ብርቄ ዘነዘናዋን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ «ምን አለብኝ፣ እኔም ገብሱን አባብለዋለሁ» እያለች መውቀጧን ቀጠለች፤ ይህን ማመልከቴ እርሷን ለማስቀጣት ሳይሆን፣ ሕዝቡ ለእንቅልፍዎ ምን ያህል እንደሚደክም እንዲያውቁልን ነው። የለቅሶው ነገር ግን እንዲህ በጨርቅ የሚጠቀለል አልሆነም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ደረቅ መንገድ የላይኛው ብቻ ነው፤ የታችኛው በክረምት ማጥ ነው።

ሦስተኛ፤ ገላን ስለሚያባብለው ልብስ። አልጋዎ ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ ተነጥፎ ያየነው ለስላሳ ቀይ የከፋይ ጨርቅ ዳር ዳሩ በወርቅማ ክር የተጠለፈ ነው። ወይዘሮ ንግሥት ጥልፉን በጣታቸው እየዳበሱ «እንዲህ ያለ እጅ በዚህ አገር ይገኛል ብዬ አላምንም ነበር» አሉን። ክቡርነትዎም ቀጠል አድርገው «ይህን ለብሼ መተኛት ከጀመርሁ ወዲህ ሕልም እንኳ አላይም፤ እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው» አሉ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን መሬት መሬት አየን። ትሕትና መስሎዎት ይሆናል፤ ሳቃችንን እየደበቅን ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ልብሱ የሬሳ ማልበሻ ነው።

በእርስዎ አገር የሬሳ ማልበሻ ጥቁር ሆኖ መስቀል የተጠለፈበት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ አለማወቅዎን አልነቅፍም። የእኛው ግን ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አንዲት ባለርስት እመቤት ሲያርፉ ለሰንበቴው ከተናዘዙት ካባ የተሠራ ስለሆነ ቀይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአጥቢያችን የሞተ ሁሉ፣ ባለርስትም ይሁን ጭሰኛ፣ በአልጋ ተሸክመን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወስደው ይህን ለብሶ ሄዷል። በግንቦት መጀመሪያ ከአንድ ቀብር በኋላ ፀሐይ እንዲመታው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ አጋፋሪዎ ጓዴ በዚያ ሲያልፍ አየውና «ይህስ ለጌታዬ መኝታ ይሆናል» ብሎ አንሥቶት ሄደ። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ መሪ፣ አቶ ሀብቴ ሊከለክለው አፉን ከፍቶ ነበር፤ በጓዴ ትከሻ ላይ ያለውን ጠመንጃ አይቶ መልሶ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ሳቀ። ማለዳ ማለዳ በየደጁ «ገዥያችን ዛሬስ ነቁ?» እየተባባልን እንጠያየቅ ነበር። እኔም ከጉብኝቱ እንደ ተመለስሁ ያየሁትን ለባለቤቴ ለአዛለች ስነግራት ከሳቄ ብዛት ንግግሬን መጨረስ አቅቶኝ ነበር። እርሷ አልሳቀችም። ወይዘሮ ንግሥት ያደነቁትን ጥልፍ፣ ልብሱ በተሠራበት ዓመት ሁዳዴውን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየተቀመጠች የጠለፈችው እርሷ ናት። «ነውር ነው ተዉ» አለችኝ፤ «ሰውየውም የሰው ልጅ ነው፤ የሙት ልብስ ለብሶ አይደር። ይሂዱና ይንገሩት።» ነገ እነግራቸዋለሁ አልኋት። አልነገርሁም። በሐምሌ የሞቱትን ሁለት ገበሬዎች ጋቢ አልብሰን ስንቀብርም አልነገርሁም፤ ከቀብር መልስ በመንገድ ላይ ከሳቁትም አንዱ ነበርሁ። ሳቁ ጣፍጦኝ ነበር። ይህ የራሴ በደል ነው፤ ለክቡርነትዎ አላካፍልም።

ነሐሴ 12 ቀን ማለዳ አዛለች ዐረፈች።

አቶ ሀብቴ ወዲያው ወደ ግቢዎ ሄዶ ልብሱ ለቀብር እንዲሰጠን ጓዴን ለመነ። ጓዴ ምን ብሎ እንደ መለሰለት በግቢዎ ስለማይነገር እኔ ልንገርዎ፤ «ጌታዬ ተኝተዋል፤ ከላያቸው ላይ ልግፈፍ? ደግሞስ ሬሳ ከፋይ ምን ያደርግለታል? አይበርደው!» ነው ያለው። አቶ ሀብቴ ይህን ሲነግረኝ ፊቴን አላየም።

አዛለችን በእኔው ጋቢ ሸፍነን፣ በትእዛዝዎ መሠረት በታችኛው መንገድ፣ ጉልበታችን ድረስ በጭቃ እየተዋጥን፣ ድምፃችን ወደ መኝታዎ እንዳይደርስ አፋችንን ዘግተን ወሰድናት። ተሸካሚዎቹ ሁለት ጊዜ ወደቁ። እኅቷ እሪ ልትል ስትል አፏን በእጄ የያዝሁት እኔ ነኝ፤ የጓዴን ጅራፍ ፈርቼላት ነው። ከአጥቢያችን ልቅሶ ሳይሰማባት ወደ መቃብር የሄደች አዛለች ብቻ ናት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳይ መስኮትዎ ገና አልተከፈተም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው የማኅበር ሥራ ነው። ሰንበቴያችን ያንን ልብስ የለበሱትን ሰዎች ስም የያዘ መዝገብ አለው፤ በየወሩ ስንሰበሰብ ስሞቹን እኔ እያነበብሁ ማኅበርተኛው ለእያንዳንዱ «ነፍስ ይማር» ይላል። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «ልብሱን የለበሰ ሰው ሁሉ ስሙ ይመዘገባል፤ ያልለበሰ አይመዘገብም» ይላል፤ ይህንም ያልሁት ከሌላ አጥቢያ ሰው በምልጃ እንዳይገባብን ብዬ ነበር። በዚህ ምክንያት የሚስቴ ስም ከመዝገቡ ውስጥ የለም። «ይጻፏት እንጂ፣ ማን ይናገርዎታል?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ለሌላው የጻፍሁትን ደንብ ለገዛ ቤቴ ስል አላፈርስም። ዐርባዋ የደመራ ዕለት ወጣ፤ በመስከረሙም ሰንበቴ ስድሳ ሦስት ስም አንብቤ የእርሷን ሳልጠራ መዝገቡን አጠፍሁ።

የደብራችን አለቃ ነገሩን መርምረው፣ ልብሱ በሰማንያዋ ዕለት በመቃብሯ ላይ ተነጥፎ ፍትሐት ከተደረሰ እንደ ለበሰችው ይቆጠራል ብለዋል፤ በሐምሌ ለሞቱት ለሁለቱም እንዲሁ። ሰማንያዋ ጥቅምት 26 ቀን ነው። ስለዚህ ልብሱ እስከዚያ ቀን ድረስ፣ በጓዴ እጅ ሳይሆን በክቡርነትዎ በራስዎ እጅ፣ ከተወሰደበት አጥር ላይ ተመልሶ እንዲቀመጥ፣ የዚያን ዕለትም የላይኛው መንገድ ለለቅሶ እንዲከፈት በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ነሐሴ ላይ የተዋጠ እሪታ ብዙ ስለሆነ በመስኮትዎ ሥር ትንሽ ሊቆይብዎ ይችላል።

ደንቡ ግን ለሁሉም እኩል ነው። «የለበሰ ሰው ሁሉ» ይላል እንጂ መሞቱን አይጠይቅም፤ በሕይወት ያለ ሰው ይለብሰዋል ብዬ ስላልጠረጠርሁ ይህን አላስገባሁም። ከስድሳ ሦስቱ ሟቾች ልብሱን ከአንድ ጠዋት በላይ የለበሰው የለም፤ ክቡርነትዎ ግን አምስት ወር ሙሉ ለብሰውታል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳልመዘግብ ብቀር ሥራዬን አጓደልሁ ማለት ነው። ስለዚህ ትናንት እሑድ በሰንበቴው ላይ፣ ተራ ቁጥር ስድሳ አራት፣ «ቀኛዝማች መልአኩ አለሙ» ብዬ አነበብሁ። ከዚያ አቶ ሀብቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሙሉ ድምፁ «ነፍስ ይማር!» አለ፤ ሰባ ሁለት ሰው ተከተለው። ብርቄማ «ደግ ሰው ነበሩ እንዳልል ዋሾ እባላለሁ፤ ብቻ እንቅልፍ ይወዱ ነበር» ብላ ጨመረችበት።

ስምዎ በኅዳርም ይነበባል፤ በታኅሣሥም ይነበባል። ከዚህ አገር ቢያዛውሩኝ የሚተካኝ ጸሐፊ ያነበዋል፤ መዝገቡ እኔን ተከትሎ አይሄድም። ልብሱን ቢመልሱም ስምዎ አይፋቅም፤ የተጻፈን ስም ለመፋቅ የሚያስችል አንቀጽ በደንቡ ውስጥ የለም፤ እኔም አልጨምርም። በዚህም ምክንያት የአዛለች ስም ከክቡርነትዎ ስም በታች ይጠራል። እርሷ ብትኖር ኖሮ «ተዉ፣ ይፋቁላቸው» ትለኝ ነበር። እርሷ የለችም፤ ያለሁት እኔ ነኝ።

ስለ እንቅልፍዎ ከአገሩ ሰው ሁሉ ይልቅ የሚያስብልዎ፣ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ ለመስማት በታላቅ አክብሮት የሚጠባበቅ፣ ታዛዥ ጎረቤትዎ፤

ይሁኔ ገብረ ኢየሱስ

ግልባጭ፦
ለአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት
ለቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም፤ በር ላይ የሚለጠፍ
ለቅዳሜ ገበያ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ተብሎ የሚነበብ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ንግሥት ለእንግዳ መኝታ ቤት የሚሆን ሁለተኛ እንዲሁ ያለ ልብስ እንዲፈለግ ማዘዛቸውን ሰማሁ። ከወንዙ ማዶ ያለው አጥቢያ ሰማያዊ አለው፤ ጥልፉም መልካም ነው። ለክቡርነትዎ ብዬ ሰው ልኬ አስጠይቄ ነበር፤ እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ሰው ለብሶታል አሉኝ።