ሳልሞት ስለተተከለልኝ ድንኳን

ለተከበሩ አቶ አካሉ
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር
ቀበና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎ የእኔን ጤና ከሐኪሞቼ አብልጠው ስለሚያውቁ፣ እኔም የእርስዎን መጠየቅ ይገባኛል። እኔ፣ ለፈጣሪና ለኦክስጅኑ ምስጋና ይድረሳቸውና፣ አለሁ። ባለፈው መጋቢት በእርስዎ ትእዛዝ ጥሩንባ ተነፍቶ መሞቴ ለሰፈሩ ሁሉ ስለተነገረ፣ መኖሬን በግልጽ ደብዳቤ ማሳወቅ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ከበበ እባላለሁ፤ ሲግናል አካባቢ መነጽር እጠግናለሁ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ለዓመታት በደሜ ውስጥ ተቀምጦ ጉበቴን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቅሬታዬን እንደሚከተለው በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጥየቃዎ። በኮሮና ምክንያት ሰው ሁሉ ከሰው በሸሸበት ወቅት፣ ጉበቱን የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም ብለው የእድሩን ኮሚቴ በሙሉ አስከትለው መኝታ ቤቴ ድረስ ስለገቡ፣ ማስክዎን አገጭዎ ላይ አሳርፈው እያሳሉም ስላጽናኑኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ዲንቄ መስኮት ስትከፍት፣ ብርድ ይመታዋል ብለው ተነስተው የዘጉትም እርስዎ ነበሩ።

2ኛ. ስለ መድኃኒትዎ። በሽታዬ ከመጠጥ የመጣ ነው ብለው ለጎረቤት ሁሉ ካወሩ በኋላ፣ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ በጠርሙስ ይዘውልኝ መምጣትዎ ደግነትዎ ወደር እንደሌለው ያሳያል። ዲንቄ አረቄውን ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ደፍታዋለች፤ ዛፉ እስካሁን ደህና ነው። የሐሞት ምሬት ኮሮናን ስለሚገድል ጉበቱን የታመመ ሰው በኮሮና አይያዝም ሲሉም አስተምረውናል። ኮሮናው ትምህርቱን ሳይከታተል ቀርቶ ይመስለኛል፣ በሳምንቱ ያዘኝ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ናዲያ እንዳስረዱኝ፣ ሌላው ሰው አስሎ፣ ትኩሳት ይዞት የሚያልፈው ሕመም፣ ጉበቱ ጠባሳ ለሆነበት ሰው ሌላ ነገር ነው። እንደምንም ይሠራ የነበረው ጉበት በኮሮና ጊዜ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ አእምሮም ይደናገራል። በእኔ የደረሰውም ይኸው ነው። ሆዴ ተነፋ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ዲንቄን የአክስቴ ልጅ ናት ብዬ ሐኪሞቹን አስቸገርኩ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ወደ ራሴ ስመለስ እንደ ሕፃን ልጅ ፈርቼ አለቀስኩ።

3ኛ. ስለ ድንኳኑ። አምቡላንስ ሲወስደኝ ያዩ ሰዎች ሲነግሩዎት፣ ጉበትና ኮሮና ከተገናኙማ አይመለስም ብለው ወሰኑ። ወደ ሆስፒታል አልደወሉም፤ ሊቀመንበር ደግሞ ምን ያስደውለዋል። ዲንቄ ቅያሪ ልብስ ልትወስድልኝ ወደ ቤት እንደተመለሰች ጥሩንባው ተነፋ፣ ስሜም ተጠራ። ለነፍሴ ንፍሮ ሲቀቀል፣ ድንኳኑም በደጄ ሲተከል፣ እሷ መሬት ላይ ወድቃ ፊቷን ትነጭ ነበር። ከሆስፒታል ተደውሎ ሾርባ አምጪለት እስክትባል ድረስ ባሏ እንደሞተ አምና ነበር። ጥሩንባውንም ንፍሮውንም ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ፊቷ ላይ የቀረውን ምልክት ግን እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

4ኛ. ይህ ልመና ነው። ዶክተር ናዲያ እንደነገሩኝ፣ ኮሮና ሌላ ጊዜ ቢይዘኝ ጉበቴ ላይችለው ይችላል። እርስዎ ክትባቱ ጉበት ያቀልጣል ብለው ሰፈሩን ቢያስጠነቅቁም፣ እሳቸው ስለመከሩኝ ተከትቤያለሁ። ስለሆነም ከእንግዲህ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው፣ አፍዎንና አፍንጫዎን ሸፍነው ድምፅዎን ቢያሰሙኝ ይበቃኛል፤ ፍቅርዎ አጥር ተሻግሮ እንደሚደርሰኝ አልጠራጠርም።

በራሱ ለቅሶ ላይ ባለመገኘቱ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ረጅም ዕድሜ የሚመኝልዎና ለራሱም ጥቂት የሚፈልግ፣ ትሑት የእድርዎ አባል፣
ከበበ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከቅዳሴ ስንወጣ፣ በፀሐዩ ብርሃን የዓይንዎን ነጭ ክፍል አየሁት፤ ቢጫ ሆኗል። ያንን ቀለም በመስታወት ሳየው ስለኖርኩ አልሳሳትም። ዶክተር ናዲያ ማክሰኞ ጠዋት ይጠብቁዎታል፤ ቀጠሮውን ያስያዝኩልዎ እኔ ነኝ። ምንም ቢያናድዱኝ እንዲሞቱብኝ አልፈልግም። አልሄድም ካሉ ዲንቄ መጥታ ትወስድዎታለች፤ እሷ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ገና አልታረቀችም።