የአባባ የኪስ ኮምፒውተር እና የጓሮው ቁጥር

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ ጠዋት ጠዋት ቀስፎ የሚይዝህ ወገብህ እንዴት ሆነ? እማማስ እንዴት ናት፣ ሳሏ ለቀቃት? ሚስትህስ? የፊት ጥርሷ የወለቀው ትንሿ ልጅህስ አዲሱ በቀለላት ወይስ አሁንም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትስቀው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። እጄ በሳሙናው ከመሰነጣጠቁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ስለ ናፍቆቱ ግን አትጠይቀኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የምትጠብቀው አንድ ቁጥር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ስልክህን ያላነሳሁትም ለዚሁ ነው እንጂ፣ እማማ እንደጠረጠረችው ሰው አግኝቼ አይደለም። የሆቴል አንሶላ ሳጥብ የምውል ሴት ሰው የምታገኘው የት ነው?

ዕቃው በሰላም ደርሶኛል። መንገደኛዋ የአባባን የኪስ ኮምፒውተር ከነደብተሩ፣ በፎጣ እንደጠቀለልከው አስረከበችኝ። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ቁልፎቹ ላይ ነው። ሃያ ዓመት መሬት ሲቀይስ ቁልፎቹን የነካካበት አውራ ጣቱ የአምስትን ቁጥር ጭራሽ ፍቆ አጥፍቶታል። የመነጽር ቤት የምታክለው፣ በአንዲት መስመር ብቻ የምትናገረው ማሽን አባባ በሕይወት እያለ ስንቱን ጭቅጭቅ እንደገላገለችን ታስታውሳለህ። አጎታችን ስለ ወሰኑ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ከደረት ኪሱ ያወጣታል፣ በፈረንጅ ፊደል «ጓሮ» ብሎ ይጽፋል፣ ቁጥሩን ያስነብባቸዋል፣ መልሶ ይከታታል። ከዚያ ወዲያ አጎታችን ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ።

የይዞታው ወረቀት ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት ከበሰበሰ ወዲህ፣ ከማድ ቤታችን ጥግ እስከ ወሰኑ ስንት ሜትር እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አጎታችን የወሰኑን ግንብ ከመጀመራቸው በፊት «የወንድሜ ማሽን ያለችውን እቀበላለሁ» ማለታቸውን ስትጽፍልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ሜትር ወደ እኛ ከገቡ የእማማ መስኮት ፀሐይ አያይም። ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም የሆነው የሆነው።

እሁድ እረፍቴ ስለሆነ ማሽኗን ይዤ ቁጭ አልኩ። እንደጻፍክልኝ አትበራም፤ ባትሪዋ እዚያ አይገኝም ብለህ አይደል የላክሃት። ጀርባዋን ስከፍት ባትሪዎቹ አፍስሰው ነጭ አመድ አልብሰዋታል። እኛ ማጠቢያ ቤት አንድ ሕግ አለ። አለቃችን «ንቀሉት! ንቀሉት!» እያለች ስለምትዞር ስሟንም ንቀሉት ብለናታል። ማንኛውንም ማሽን ከማጽዳታችን በፊት ኃይል የሚሰጠውን ሁሉ ነቅለን ማሳየት አለብን። እኔም እንደለመደብኝ ሁለቱን ትልልቅ ባትሪዎች አወጣሁ። ከሥራቸው ደግሞ በትንሽ ብሎን የታሰረች፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ሌላ ባትሪ አገኘሁና እሷንም ነቀልኩ። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ በኮምጣጤ በነከርኩት ጥጥ ፈገፈግኩ። በንጽሕናዬም ኮራሁ።

አዲስ ባትሪ የሸጡልኝ በመንገዳችን ጥግ ያሉት ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሲያስገቡት በራች። «ጓሮ» ብዬ ጻፍኩ። ባዶ። ደግሜ ጻፍኩ። ባዶ። ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ትንሿንም አውጥተሻት ነበር ወይ አሉኝ። አውጥቼ አጽድቻታለሁ አልኩ። መርዶ ሊነግር እንደመጣ ሰው ወንበር ሳቡልኝ። ትልልቆቹ ሲለወጡ የተጻፈውን ይዛ የምትጠብቀው ትንሿ ናት፣ ሁሉም ባንድ ላይ ከወጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል አሉኝ። ቤት ገብቼ የአባባን ደብተር ስከፍት መጀመሪያው ገጽ ላይ ይኸው ተጽፏል። ሁለት ጊዜም አስምሮበታል። ደብተሩ እኮ እዚያው ፎጣ ውስጥ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።

ደብተሩ ውስጥ እርምጃን ወደ ሜትር የሚቀይረው ፕሮግራም አለ፤ የለካቸው ቁጥሮች ግን የሉም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ እንደወጣሁ ሰዓት ሠሪው ዘንድ እየሄድኩ፣ እሳቸው እያነበቡልኝ መስመር በመስመር መልሼ ጻፍኩት። አንዲት ነጥብ ከሳትኩ ማሽኗ ቀጥ ትላለች። እንደ ምራቴ ናት፣ ምን እንዳስቀየማት አትናገርም፣ ብቻ ትቆማለች ይላሉ ሰዓት ሠሪው። አባባ መስመሮቹን አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ ነው የቆጠራቸው፤ ለካ በኋላ የሚታሰብ ነገር ቢመጣ መሃል ለማስገባት ነው። ሠላሳ ላይ የራሱ እርምጃ ሰባ አራት ሳንቲ ሜትር ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም ሠላሳ አንድ ገብቷል፤ ሰባ አንድ። ቀጥሎ በተንቀጠቀጠ ጽሑፍ ሠላሳ ሁለት፤ ስልሳ ስድስት። ስህተት መስሎኝ ልዘለው ስል ሰዓት ሠሪው ከለከሉኝ። ማሽኗ የምትይዘው የመጨረሻውን ነው፣ አባትሽ እርምጃው ሲያጥር ራሱን እየለካ ያስተካክል ነበር አሉኝ።

ያኔ ምነው ወደ ኋላ ቀረህ ስንለው ጫማው ነው ይለን ነበር። እኛም ሌላ ጫማ ገዛንለት።

አሁን ፕሮግራሙ ይሠራል። ስከፍተው «ስንት እርምጃ?» ይላል፤ የሚመልስለት ጠፋ እንጂ። አልደብቅህም፣ አሥራ ስምንት ብዬ መለስኩለት። አሥራ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት አለኝ። የእማማን መስኮት አሳምሮ የሚያተርፍ ቁጥር ነው። ወረቀት ላይ ገልብጬ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ከመላኬ በፊት አጎታችን ታወሱኝ። ሳያቅማሙ ነበር የሚቀበሉት፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። በሞተ ወንድማቸው አፍ ልዋሻቸው ነው? አውጥቼ ቀደድኩት።

ስለዚህ ቁጥር የለም። ባትሪው አልቆ ነው ብለህ እንዳትሸፍንልኝ። አጎታችንን እህቴ በገዛ እጇ አጠፋችው በላቸው። የግንቡ ድንጋይ ከተራገፈ በኋላ ብዙ ተስፋ አላደርግም። ብቻ የእማማን ወንበር መስኮቱ ሥር አውጣና እሷ እዚያ በተቀመጠችበት ንገራቸው።

ሚስትህን በጣም ሳምልኝ፤ ፎጣዋን አጥቤ እመልሳለሁ። ጥርሰ ወላቃዋን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ታላቋንም፣ አድጌያለሁ ብላ ካልኮራች። አጎታችንንና ባለቤታቸውን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ ቢቆጡም በልልኝ።

ፖስታው ውስጥ ያለው ነጭ ክር የአንሶላ መስፊያችን ነው። ርዝመቱ ስልሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ክፍሌን ለክቼበታለሁ፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ ስድስት ነው። ለእማማ ስጣት። ምን እንደሆነ አትንገራት፤ ከአባባ ጎን ለጎን ስትሄድ የኖረች እሷ ናት፣ ታውቀዋለች።

እህትህ
ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
መጋቢት 9 ቀን