ለምሳ የወጣችው ልጄ

ልጄ መክሊት፣ የሰው አገር ፀሐይ አይክበድብሽ፤ ያሳደገሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ። ከተማችን ገንዳ ውሃ ሙቀቱ ብሶበታል፤ ሰሊጥ አጫጆቹንም ወባ ይዟቸዋል።

የሰሞኑ ወሬያችን ትሠሪበት የነበረው የሽኩር መድኃኒት ቤት ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህም ፎቶሽ ያለበት የሙያ ፈቃድሽ ከግድግዳው አልወረደም ነበር። እኔም ራሴን አመመኝ እያልኩ እየሄድኩ አይሽ ነበር። አሁን በወጣው መመሪያ ግን ፈቃዱ የተሰቀለው ባለሙያ ራሱ ሥራ ላይ ካልተገኘ ቤቱ ይታሸጋል።

ማክሰኞ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ተቆጣጣሪው መጣና «ይቺ ልጅ የት አለች?» አለ። ከሽኩር ቀድሜ እኔ «ለምሳ ወጥታ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው እጠብቃታለሁ፣ እናቴ» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወደ በሩ ቀና ይላል። እኔም የገዛ ውሸቴን ረስቼ አብሬው ቀና እል ጀመር።

ሲመሽ ቤቱን አሸገው። ሽኩር ግን አልተቀየመኝም፤ ከመታሸጉ በፊት ፈቃድሽን አውርዶ «እማማ፣ እርስዎ ዘንድ ትሁን» ብሎ ሰጠኝ። አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬሻለሁ።

እጅሽን ከክፉ ነገር ይጠብቅልኝ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለገና እንኳ ብቅ ብትይ፣ ልጄ፤ ምሳው እኔ ቤት አለ።

እናትሽ አትክልት