በግራ በኩል የቆመው ከበሮ

ለምወድሽ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረሙን ተወ? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ቁመታቸው በሩን ሊነካ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ወደ ጎን እያደገ ነው። እማዬም አለች። «አለች» ብዬ የማልፋት እንዳይመስልሽ፣ የዛሬው ወሬ ሁሉ የእሷ ነው። ሻይ ጥደሽ ከሆነ አውርጂና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እማዬን ወደ እኛ ቤት አምጥተናታል። ብቻዋን መኖሩ አላዋጣም፤ በር ሲንኳኳ አትሰማም፣ ስልክ ሲደወልላት «መስመሩ ተበላሽቷል» ትላለች። የጆሮ ሐኪሙ ግን መስመሩ ምንም አልሆነም አለን። የቀራት ትንሽ ነው፣ እሱም እየሄደ ነው አለ። ይህንኑ ጽፎ ሲሰጣት አነበበችና «የሐኪም ጽሑፍ ድሮም አይነበብም» ብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ታዲያ ዕቃዋን ስናወጣ እነዚያ አረንጓዴ የአበባ ማስቀመጫዎች ተገኙ። የአባዬ ድራም መሆናቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ምስክር ነው። አንቺ ማይክ ይዘሽ ከፊት፣ አባዬ ከድራሙ ኋላ፣ እማዬ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ። ለአባዬ መታሰቢያ አሳድሰን ሳሎን እናቁመው ብዬ ባለቤቴን ጠየቅሁት። የጂኦግራፊ መምህር መሆኑን ረስቼ! አንድ ነገር እጁ ከገባ ካርታ ሳያወጣለት አይለቅም።

የተቀባውን አረንጓዴ የበር ቀለም በሙቅ አየር እያለሰለሰ ሲፍቀው ከሥሩ እንደ ከረሜላ ወረቀት የሚያብረቀርቅ ቀይ ወጣ። ቀጥሎ ፊደሉ ግማሹ የተላጠ ክብ የነሐስ ምልክት ብቅ አለ። በቃ፣ እራቱም ቀረ። የብሎኖቹን ቅርጽ፣ የእንጨቱን ንብርብር፣ የምልክቱን ጠርዝ ኢንተርኔት ላይ ካሉ ፎቶዎች ጋር ሲያስተያይ ሰንብቶ «ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል» ብሎ ፈረደ። ቀለሙ ግን ካንተ ይሻላል አልኩት። ትልቁን ስንከፍተው በአቧራ የጠቆረ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት አገኘን። ድምፁን ለማፈን ነው አለኝ። እኔም የአቧራው ብዛት አስጠልቶኝ ሳልዘረጋው በሳሙና ዘፈዘፍኩት።

ዝገቱ ጸዳ፣ ቆዳዎቹ በአዲስ ተለወጡ፣ ባለቤቴ መጽሐፍ እያየ ሁሉንም በየቦታው አቆመ። ባለ እግሩ ከበሮ በቀኝ በኩል። በማግስቱ ስንነሳ በግራ ቆሟል፤ ወንበሩም ዝቅ ብሏል። መለሰው። እንደገና ግራ! መጀመሪያ ልጆቹን ተቆጣ፣ ቀጥሎ ወለሉ ያዘነብላል ብሎ ውኃ ልኩን ይዞ ሳሎን ውስጥ ተንበረከከ። እማዬ ካልሲ እየጠቀመች ከላይ ታየዋለች።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እማዬ ናት። ጫማዋን አውልቃ፣ መምቻዎቹን ይዛ፣ ግራ እጇ እየመራ፣ ዓይኗን ጨፍና። አክስቴ፣ እናቴን እንደዚያ አይቻት አላውቅም። አባዬ ልብስ ሰፊው ጨርቅ የሚቆርጠው በቀኙ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

አይታኝም አላፈረችም። «አባትሽማ የድራሜ ጫኝና አውራጅ ነበር» አለችኝ። «ከድራሙ ኋላ ሆኜ ፎቶ አልነሳም ስላቸው በቦታዬ ገብቶ ቆመልኝ።»

አንቺም ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ ዝም! ቆይ፣ ስንገናኝ እንተሳሰባለን።

የባሰው ግን ገና ነው። ቀናት ዘፍዝፌ፣ ደጋግሜ አጥቤ ከጓሮ ገመድ ላይ የሰቀልኩት ያ የከበሮው ጨርቅ ደርቆ ንፋስ ሲያወዛውዘው ባለ ዘርፍ ሻርፕ ሆኖ አረፈው። ቢጫ። አዎ፣ ያው ቢጫ። መድረክ ልትወጪ ስትይ የጠፋው፣ «ደምቄ እንዳልታይ ደበቀችብኝ» እያልሽ በሠርጌ ቀን እንኳ ያነሣሽው፣ እናንተን በእኔ በኩል ብቻ ሰላም እንድትባባሉ ያደረገው።

እማዬ ገመዱ ሥር ቆማ ቀረች። ጠጋ ብዬ ጆሮዋ ሥር ጠየቅኋት። የሻርፑን ዘርፍ በጣቷ እያፍታታች መለሰችልኝ።

«ከበሮዬ ድምፅዋን ሲውጥባት አላስቻለኝም። ሰዓቱ ደረሰ፣ እጄ የገባው ጨርቅ እሱ ነበር።»

ታዲያ ለምን አልነገርሻትም አልኳት።

«ከመድረክ ስወርድ ሌባ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?»

ከዚያ ወዲያማ ያደረገችውን አየን፤ አረንጓዴ ቀብታ አበባ ደረደረችበት።

እንግዲህ አሁን ድራሙ ያለ ሻርፑ ያገሣል። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ሆነው ነው እንጂ ይናገሩን ነበር። ሻርፑን ልመልሰው ብላት እጄን ያዘችኝ፤ የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቷ ታስገባው አለች። ይህንን ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደነበር ልጽፍልሽ አልችልም። ወደ በሩ ነበር የምታየው።

ስለዚህ አክስቴ፣ እንዳትደውዪ። መስመሩ ተበላሽቷል። ጉልበትሽን አባብለሽ ራስሽ ነይ፤ ባለቤቴ ከመኪና ማቆሚያው ተሸክሞ ያስገባሻል፣ ለካ ይህ ቤት ያለ ጫኝ አይሆንለትም። ድራሙን በመዳፏ ትሰማዋለች፤ አዲሱ ቆዳ ላይ እጇን ጭና ፈገግ ስትል አያታለሁ። የሰው ድምፅ ግን በመዳፍ አይያዝም።

ሻርፑን ተኩሼ ወንበሩ ላይ አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ። የትልቁን ከበሮ ፊት አልዘጋነውም።

መንገድሽ የተቃና ይሁን፣ ጉሮሮሽን ብርድ አያግኘው።

ሁሌም የምትናፍቅሽ፣
የእህትሽ ልጅ