ብርሃኑ ወደ ቦታው ስለ መመለሱ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሰይፈሚካኤል
የዩኒቨርሲቲያችን የግቢ ደህንነትና ጥበቃ ክፍል ኃላፊ
አዳማ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ በቢሮዎ መስኮት እንደማይገባ፣ ወገብዎን እንደማያምዎ፣ ዓይንዎም የተጻፈልዎትን ሁሉ ደህና አድርጎ እንደሚያነብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ከግራ ጉልበቴ በቀር። ስለ ጉልበቴ ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

ስሜ ዛኪር ሱሩር ይባላል፤ አገሬ አቦምሳ ነው። በግቢያችን የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ በዶርማችን ደግሞ ማንም ሳይሾመኝ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የካፌው ሽሮ ሲቀጥን፣ ውኃ ሲጠፋ፣ ፕሮክተሩ ያለ ነገር ሲቆጣ ብዕሬን የማነሳው እኔ ነኝ። እስካሁን ከጻፍኳቸው አሥራ አንድ ማመልከቻዎች መልስ ያገኘው አንዱ ብቻ ነው፤ ዛሬም የምጽፍልዎ ስለ እርሱ ለማመስገን ነው።

እንደሚያውቁት ከላይብረሪው ወደ ሴቶች ዶርም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው መብራት ከመስከረም ጀምሮ ጠፍቷል። በኅዳር አንድ ቀን፣ የምሽቱ የመግሪብ ሶላት እንዳለፈ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ታናሽ እህቴ ሃፍሳ ከላይብረሪ ስትመለስ ያልታወቀ ሰው ቦርሳዋን ከነደብተሮቿ ነጥቆ፣ እርሷን ቦይ ውስጥ ገፍትሯት ሄደ። የቀኝ እጇ አንጓ ወለም ብሎ ሁለት ሳምንት እርሳስ መያዝ አልቻለችም። ደሜ ፈላና ማመልከቻ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ቢሆን «አምፖል ይቀየርልን» ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን አማርኛ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝና፣ አምፖል የሚለው ቃል የእርስዎን ጠረጴዛ አይመጥንም ብዬ «ብርሃኑ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስልን» ስል አሳምሬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አንብቤው ራሴን አደነቅሁ።

በአምስተኛው ቀን ብርሃኑ ተመለሱ። አቶ ብርሃኑ! ጡረታ ሊወጡ አራት ወር የቀራቸው፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ ከሁለት ዓመት በፊት ከዚያው መንገድ ተነሥተው የመጋዘን በር እንዲጠብቁ የተደረጉት የጥበቃ ሠራተኛ «በተማሪዎች ጥያቄ መሠረት» የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። የእጅ ወለምታስ በቅቤ ይታሻል፤ የብዕር ወለምታን ግን የሚያሽ ወጌሻ አላገኘሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። አምፖል ቢሆን ግዥ፣ ጨረታ፣ ኮሚቴ ይጠይቅ ነበር፤ ሰው ግን በአንድ ፊርማ ይዛወራል። አቶ ብርሃኑ ዶርሜ ድረስ መጥተው ተማሪ ይህን ያህል እንደሚወዳቸው እንደማያውቁ ነግረውኝ፣ ትከሻዬን ይዘው መረቁኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ አሜን ብዬ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

፪. ሃፍሳ በተዘረፈች በሳምንቱ «ሴት ተማሪዎች በጨለማ እንዳይንቀሳቀሱ» የሚል ማስታወቂያ ስላስለጠፉልን አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምላሰኞች አልጠፉም፤ እኔ ግን የገረመኝ ቦታው ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው መብራቱ በጠፋበት ምሰሶ ላይ ስለሆነ፣ ሲመሽ ማንበብ የሚችል የለም።

፫. በዋናው በር ላይ ስላለው ፍተሻ አመሰግናለሁ። ባጫ የሚባለው ጠባቂ «አካም ጅርታ» ብሎ በፈገግታ ተቀብሎኝ እናቴ የላከችልኝን በሶ እስከ ታች አማስሎ አይቶታል፤ ማንኪያዬንም ስለት ነው ብሎ ወስዶብኛል። ከካፌው ጀርባ በፈረሰው አጥር የሚገባው ሌባ ማንኪያ ይዞ እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም።

፬. አሁን ወደ ጉልበቴ። ስህተቴን በሙያዬ ላርም ብዬ አምፖል ገዝቼ በጠራራ ፀሐይ ምሰሶው ላይ ወጣሁ። የአንድ ከተማ የኤሌክትሪክ መስመር በወረቀት ላይ የማሰላው ሰው፣ አምፖሉ ወደ ቀኝ ይዞራል ወደ ግራ እያልኩ ሳስብ ተንሸራትቼ ወረድኩ። የእኔ ጉልበት ተላጠ፤ አምፖሉ ደህና ነበር። በንብረት ላይ ያለ ፈቃድ በመውጣት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥታችሁኝ፣ አምፖሉን በኤግዚቢትነት ያዛችሁት።

ለሚቀጥለው ነገር አምስተኛ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ቀልዴ እዚህ ጋ ያልቅብኛል። አቶ ብርሃኑ ዓይናቸው ሲመሽ አያይም። ከቀናት በፊት ሃፍሳ ራሷ በወደቀችበት ቦይ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ደርሳ ያዘቻቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከመግሪብ በኋላ ክንዳቸውን ይዛ፣ በጓደኛዋ ስልክ መብራት እያሳየች ቦታቸው ታደርሳቸዋለች። ጠባቂውን የምትጠብቀው የተዘረፈችው ልጅ ናት! አድርሳቸው ወደ ዶርሟ ትሮጣለች እንጂ ላይብረሪ አትገባም፤ ትፈራለች። ሰባት ትምህርት ወስዳ በሁለቱ ውጤቷ ወርዷል።

አባቴ ይህን ሰምቶ እሁድ ከአቦምሳ መጥቶ ሊወስዳት ቆርጧል። እዚህ ስትመደብ፣ እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቃል የገባሁለት እኔ ነበርኩ። አፍሬያለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ፈርቻለሁ፤ አንዴ ቤት የገባች ልጅ ተመልሳ እንደማትመጣ ከሰፈራችን ልጆች አይቻለሁና። ስለዚህ ያለ ምንም ቅኔ እለምንዎታለሁ፦ አምፖል ይስጡን። የመስታወት፣ የሚበራ፣ ጡረታ የማይወጣ አምፖል። በጥበቃ ክፍሉ በዚህ ስም የሚጠራ ሠራተኛ አለመኖሩንም አስቀድሜ አጣርቻለሁ። አቶ ብርሃኑንም ወደ መጋዘናቸው፣ ወደ ወንበራቸው በክብር ይመልሱልን፤ እውነቱን እኔው እነግራቸዋለሁ።

ለአማርኛው ሲል እህቱን ጨለማ ውስጥ ያስቀረ፣ ምሰሶ ወጥቶ መውረድ ብቻ የተሳካለት፣ ለትጋትዎ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ ታዛዥዎ፣

ዛኪር ሱሩር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በኤግዚቢትነት የተያዘብኝ አምፖል ሐሙስ ማታ በጽሕፈት ቤትዎ በረንዳ ላይ ሲበራ አየሁት። ስገዛው በጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኩት የሃፍሳ ስም አሁንም ይነበባል። እስከ እሁድ መልስ የማይደርሰን ከሆነ፣ አባቴ እስኪመጣ ድረስ እህቴ በረንዳዎ ላይ ቁጭ ብላ በአምፖሏ እንድታጠና ቢፈቅዱላት።