የፖሙ ልጣጭ

ለውድ ዋርሳዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት እንደሰነበተ ሳልጠይቅ ወደ ወሬ ብገባ እህትሽ ኡና ባለችበት ትቆጣኛለች። እናስ፣ ተሻለሽ? እናንተ ዘንድ አንቲጎኒሽ በረዶው ለቀቀ? እኔ ከሳሉ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሃሊፋክስ ግን አሁንም ነፋሱ አላረፈም።

በዚህ ዕድሜህ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ምን ልትሠራ ነው ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን የጀልባ ሞተር ስጠግን ኖሬ፣ ዛሬ ከልጆች ጋር ፊልም በባልዲ አጥባለሁ፤ በመቀስ ቆርጬ በማጣበቂያ እቀጥላለሁ። ተዋናይ የለም፤ ሁሉም የሚያነሳው የገዛ ኑሮውን ነው።

መምህራችን ሊዮኒ፣ “አጠገባችሁ የሌለ ሰው አንሱ” ብላን ነበር። ባለፈው መከር ለምስጋና በዓል አንቺ ዘንድ ስመጣ ካሜራ የያዝኩት ለዚሁ ነው፤ ኡና በሕይወት ሳለች ስንመጣ ትቀመጥበት የነበረውን የመስኮቱን ወንበር ላነሳ። አንቺ ከወንበሩ ጎን ፖም ትልጪ ነበር። “ያንን ነገር ከፊቴ አንሳ፣ ፀጉሬን አላበጠርኩም” አልሽኝ። ፀጉርሽን አላነሳሁም።

እዚህ አንድ ደንብ አለ። ፊልምሽ ታይቶ ሲተች አንቺ አትናገሪም፤ ሌሎቹ እንደሌለሽ ቆጥረው ያወራሉ። ማክሰኞ የእኔ ተራ ደረሰ። ወንበሩ ታየ። ጥቂት ቆይቶ ካሜራው ወደ ጎን ዘወር አለ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው የሚታየው ልጣጩ ሳይበጠስ ከእጅሽ ሲወርድ ብቻ ነው።

መብራት ሲበራ ዴዝሞንድ የሚባለው ረጅሙ ልጅ፣ “ስለ ሞቱት ሚስታቸው ነው አልተባለም እንዴ? ይሄ እኮ የሞተ ሰው እጅ አይደለም” አለ። ሌላዋ ተማሪ ትሬሳ ደግሞ፣ “አንተ፣ አይታይህም? ወንበሩን ተሰናብተውት እኮ ነው። እጁን ሲቀርጹ ካሜራው እንዳይነቃነቅ ትንፋሻቸውን ይዘዋል” አለችው። ከኋላ አንዱ፣ “አባባ እንደ ቲማቲም ቀሉ” አለ። “ተዉአቸው” አለች ሊዮኒ። እኔ ጫማዬን አያለሁ። በመጨረሻ “አሁን መናገር ይችላሉ” ስትለኝ፣ “ፖሙ ጣፋጭ ነበር” አልኩ። ሳቁን ተዪው።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስመረምር ሰነበትኩ። የሄድኩት ኡናን ላነሳ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሯ ዘንድ ቆሜ ልጆቹ ስለ ፊልሙ ያሉትን ሁሉ ነገርኳት። ልቤ ይከሰኛል ብዬ ነበር። አልከሰሰኝም። ይህ ነው ያስደነገጠኝ።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ፊልሞቹ ለሕዝብ ይታያሉ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ይመጣሉ። ምጣድ የጠበሰው አውራ ጣትሽ ያስታውቃል፤ ማን እንደሆንሽ የማይለይ የለም። ሳትፈቅጂ አላሳይም። “ይቅር” ካልሽ እጅሽን በመቀስ ቆርጬ አወጣለሁ፤ አልቀየምም። የሚቀረኝ ባዶው ወንበር ነው፤ እሱንም ቢሆን አሳያለሁ።

ከፈቀድሽ ግን መልስ አትጻፊልኝ። ጉልበትሽ ከቻለ በጠዋቱ አውቶቡስ ነይ። አጠገቤ ያለው መቀመጫ ላይ ካፖርቴን አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ሰው ቢጠይቀኝም “ተይዟል” እላለሁ።

አምላክ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅ። የኡናንም ነፍስ በብርሃን ያኑርልን።

የእህትሽ ባል የነበርኩት